የአዲሱ ዓመት ግብራችን

ጳጉሜ በገባ በሁለተኛው ቀን የልጅ ልጄ ቤዛ ጥፍሯን ልትቀባ ድሬ ዳዋ ከዚራ ሰፈር ወዳለ አንድ የውበት ሳሎን ይዛኝ ሄደች። ይዛኝ ሄደች የምለው ነገሩ እንደዚያ ስለሆነ ነው፤ ጉልበቴ ከደከመ ወዲህ ባጃጅ ውስጥ የምታስገባኝም፣ ደግፋ የምታወርደኝም እሷ ናት። ከማራገቢያው ሥር አስቀመጠችኝና እጇን ዘረጋች። ባለሳሎኗ የአንዲት ትንሽ ቀይ ጠርሙስ ክዳን ስትከፍት ሽታው አፍንጫዬን መታው። ለሌላ ሰው የጥፍር ቀለም ነው። ለእኔ ግን የስቴንስል ማረሚያ ነው፤ አርባ ምናምን ዓመት ሙሉ ያ ሽታ በመጣ ቁጥር ጓድ ጌታሁን ፊቴ ይቆማል፣ እኔም እንደገና እጠላዋለሁ።

ቤዛ ስቴንስል ምን እንደሆነ ስለማታውቅ አስረዳኋት። ማስረዳት ልማዴ ነው፣ ጡረታ ብወጣም አልተወኝም። በዚያን ጊዜ ጽሑፍ የሚባዛው ሰም በተቀባ ስስ ወረቀት ነበር። በጽሕፈት መኪና ሲመታበት ፊደሉ ሰሙን ይበሳዋል። ከዚያ ወረቀቱ በማባዣው ላይ ይጠመጠምና እጀታው ሲዞር ቀለሙ በቀዳዳዎቹ እያለፈ ባዶው ወረቀት ላይ ያርፋል። ስህተት ከተገኘ ቀዩ ፈሳሽ ይቀባበታል፣ እስኪደርቅ እፍ እፍ ይባላል፣ በላዩም ትክክለኛው ፊደል ይመታል።

«ዲሊት የለውም እንዴ አባባ?» አለች ቤዛ።

«ዲሊቱ ይሄ ነው» አልኳት ጠርሙሱን እያሳየኋት። ባለሳሎኗ ሳቀች።

ያን ጊዜ ለጋ የአማርኛ መምህር ነበርኩ። አባቴ ባቡር ላይ ይሠራ ስለነበር ያደግሁት የጣቢያውን ፉጨት እንደ ሰዓት እየቆጠርኩ ነው፤ ምናልባት ለሥርዓት ያለኝ ፍቅር ከዚያ የመጣ ይሆናል። በመጀመሪያ ደመወዜ ከጅቡቲ በባቡር ተደብቆ የመጣ፣ እግሩ እንደ ደወል የሰፋ ቴትሮን ሱሪ በአሥራ ስምንት ብር ገዝቼ ነበር። ሲተኮስ ስለቱ ሽንኩርት ይቆርጣል። ሳምቡሳ በአሥር ሳንቲም ነበር፣ ያውም አፍ የሚያቃጥል። ከከዚራ እስከ ቀፊራ በጋሪ ለመሄድ ስሙኒ ይበቃል፤ ጋሪ ነጂው ደስ ካለው ደግሞ ስሙኒውንም አይቀበልም። ከሲኒማው አጠገብ የነበረው የካሴት ሱቅ አንዱን ዘፈን በሶማልኛ፣ ቀጣዩን በአማርኛ፣ ሦስተኛውን በሱዳንኛ ያሰማ ነበር፤ ከሱቁ ፊት ለፊት ካለችው ዛፍ ሥር የሚቆሙ ጎረምሶች ሦስቱንም እኩል ያንጎራጉራሉ። ዛፏ ዛሬም አለች። ሱቁ የስልክ ካርድና የጆሮ ማዳመጫ ይሸጣል።

ከደቻቱ ወንዝ ማዶ፣ አሸዋው የሚያልቅበት ጋ፣ የአቅመ ደካሞች ቤት ነበር። ጧሪ የሌላቸው አሮጊቶችና ሽማግሌዎች፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ በሁለት ረጃጅም ክፍሎች ውስጥ ይኖሩበታል። ጣሪያው ቆርቆሮ ብቻ ነው፤ ኮርኒስ የለውም። ድሬ ዳዋን ለሚያውቅ ከዚህ በላይ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ለማያውቅ ግን ግንቦት ላይ እኩለ ቀን ሲሆን ክፍሉ ውስጥ መቀመጥ ድስት ውስጥ እንደ መቀመጥ ነው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ዕድሜውን በጣቢያው ዕቃ ሲሸከም የኖረው አው ሙሜ፣ ነጠላ ውኃ ነክሮ ጭንቅላቱ ላይ ጣል አድርጎ ይተኛ ነበር። በየግማሽ ሰዓቱ ይነሳል፣ ደግሞ ይነክራል። አንድ ቀን ስጠይቀው «ባቡሩ ውስጥ ነው የምተኛው» አለኝ፣ «ከሰል ከሚነድበት ጋ።»

ቤቱን የሚረዳው አንድ የበጎ ፈቃድ ማኅበር ነበር። ሊቀመንበሩ ጓድ ጌታሁን ይባላል። እኔ የእርዳታ አሰባሳቢው ክፍል ኃላፊ ተደረግሁ፤ ለዚህ ያበቃኝ ጽሕፈቴ ማማሩ ብቻ ነበር። እኔ ግን ነገሩን ከምር ያዝኩት። ከዚያ በፊት አሰባሳቢዎቹ አንዱን ሱቅ በሳምንት ሦስት ጊዜ ያንኳኳሉ፣ ቀጣዩን ዓመቱን ሙሉ ይረሱታል። የሰጠውን ሰው የሚያመሰግንም የለም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰጪ አንድ ካርድ ከፈትኩ። ስሙን፣ ሱቁ የት እንደሆነ፣ ምን ዓይነት ነገር መስጠት እንደሚቀናው፣ በየትኛው ቋንቋ ማመስገን እንደሚገባና እንዴት መጠራት እንደሚወድ ጻፍኩበት። «ሀጂ ማለት ግዴታ ነው።» «አብዬ ሲሉት ይቆጣል፣ ገና ሃምሳ አልሞላኝም ይላል።» «ሱቁ ውስጥ ገዢ ካለ አትግባ።» ካርዶቹን በጫማ ካርቶን ውስጥ በፊደል ተራ ደረደርኳቸው። ከሚስቴ በፊት የወደድኩት ያንን ካርቶን ነው ብል ብዙ አላጋንንም።

ጳጉሜ ላይ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ቤቴ ተቀምጬ የክፍሉን የአዲስ ዓመት ግቦች ጻፍኩ። አራት ነበሩ። የመጀመሪያው ከየሱቁ በሚለመን አቡጀዲ የአቅመ ደካሞቹ ቤት ሙቀቱ ሳይመጣ በፊት ኮርኒስ እንዲኖረው ነው። ቀጣዩ የሰጠ ሰው ሁሉ በሰባት ቀን ውስጥ በገዛ ቋንቋው እንዲመሰገን፤ በኦሮምኛ ገለቶማ የሚባለው ገለቶማ፣ በሶማልኛ መሀድሰኒድ የሚባለው መሀድሰኒድ እንዲባል። ሦስተኛው ማንም ደጅ በአንድ ወር ሁለቴ እንዳይንኳኳ። አራተኛው አሰባሳቢዎቹ ታጥበውና ተበጥረው እንዲሄዱ። በርእሱ ላይ «የአዲሱ ዓመት ግባችን» ብዬ በቀይ አሰመርኩበት። ያን ጊዜ አገሩ ሁሉ ዕቅድ ያወጣ ነበር፤ ግን እንደዚህ አንጀቱን የሰጠበት ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ።

በአራተኛው ቀን በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ተነሥቼ ማንበብ ጀመርኩ። ጓድ ጌታሁን ካኪ ኮቱን ለብሶ፣ ከደረት ኪሱ አራት እስክሪብቶ ሰክቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማ ነበር። በልጅነቱ የቆሎ ተማሪ ነበር ይባላል። በንግግሩ ይህን አያነሳም፣ ጊዜው አይፈቅድም፤ በቃላት አመራረጡ ግን ይታወቅበታል። ገና ርእሱን እንደጨረስኩ ዓይኑን ገለጠ።

«ቆይ፣ ቆይ ጓድ ጠመኔ። ግብ ነው ያልከው? እኛ የኳስ ቡድን ነን እንዴ?»

ሰዉ ሳቀ። ጠመኔ የሚለኝ እሱ ነበር፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁሉም አለኝ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ግብ ማለት ልንደርስበት የምንፈልገው...»

«አታስረዳኝ! ሁሉን ነገር ታስረዳለህ። ግብር ነው የሚባለው። በግዕዙ ሥራ ማለት ነው። ግብረ ገብ ሲባል አልሰማህም? የአማርኛ መምህር ተብለህ ግብርን ካላወቅህ ልጆቻችንን ምንድን ነው የምታስተምራቸው?»

«አውቃለሁ ጓድ። ግን የመጋላ ነጋዴዎች ግብር ሲባሉ...»

«መጋላን አንተ ነህ የምታሳየኝ?» ከዚያ ወደ ተሰብሳቢው ዞሮ ፈገግ አለ። «ይሄ ልጅ ጊዜ ተርፎታል ጓዶች። እንዲህ ያለ ጎበዝ ሁርሶ ቢወርድ አይሻልም? እዚያ በሥርዓት መሰለፍ አለ፣ መቁጠር አለ። እንደሚወደው።»

ስለዚህ ቀልድ ላስረዳ። ሁርሶ የጦር ማሠልጠኛው ያለበት ነው። ያን ጊዜ ከድሬ ዳዋ ወደዚያ የሄዱ ልጆች ነበሩ፤ ከእኔ ክፍል ሁለቱ ሄደዋል፣ አንዱ ብቻ ተመልሷል። ስለዚህ ሊቀመንበሩ ይህን ሲል የሳቀ የለም። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ወንበሩን በቀስታ ከእኔ አራቀ፤ የወንበሩ እግር ሲሚንቶው ላይ ያሰማው ድምፅ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። ተቀመጥኩ። ላብ ቴትሮን ሱሪዬን ከጉልበቴ ጋር አጣበቀው። ጓድ ጌታሁን ወረቀቴን ከእጄ ተቀበለ፣ ዕቅዱን ራሱ አስተካክሎ በራሱ ስም እንደሚያወጣ ተናገረ፣ የክፍሉን ኃላፊነትም ለሚስቱ ወንድም ሰጠ። ካርቶኔንም ወሰደ። ለእኔ የተተወልኝ ጽሑፉን ማስባዛት ብቻ ነበር።

በማግስቱ ወደ ዘሃራ ሄድኩ። ዘሃራ የማኅበሩ ታይፒስት ነበረች፤ አባቷ መጋላ ውስጥ ጨርቃ ጨርቅ ይሸጣሉ። እቤቷ ኦሮምኛና ሐረርኛ ትናገራለች፣ አማርኛውን የተማረችው ከትምህርት ቤት ነው፤ እንደ እሷ ሳይሳሳት የሚመታ ግን አላየሁም። ስቴንስሉን ከእኔ ረቂቅ አስቀድማ መትታ ጨርሳለች። «የአዲሱ ዓመት ግባችን» ይላል፣ ንጹሕ ነው። ከእጄ ላይ የጓድ ጌታሁንን ማረሚያ ወረቀት ተቀብላ አነበበችና ቅንድቧን አነሳች።

«መምህር፣ ይሄ ግብር ምንድን ነው? አባቴ የሚከፍለው ነው?»

«በግዕዙ ሥራ ማለት ነው።»

«እኔ አቦ ግዕዝ የት አውቃለሁ! አባቴስ? ሥሩ ደግሞ ከየሱቁ አቡጀዲ ይላል። ማኅተም ይመታበታል አይደል?»

«ይመታበታል።»

«ኧረ መምህር፣ ንገረው!»

«ነግሬው ነበር» አልኳት።

ቀዩ ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ዘሃራ እጇን ከጽሕፈት መኪናው ላይ አነሳች፤ እኔ አልመታውም ማለቷ ነው። ስለዚህ ራሴ ክዳኑን ከፈትኩ። ብሩሹን ጠርሙሱ አፍ ላይ ጠረግሁ፣ «ባችን» የሚለውን በጥንቃቄ ሸፈንኩ፣ እፍ እፍ አልኩበት። እስኪደርቅ ድረስ ለማሰብ በቂ ጊዜ ነበረኝ። አሰብኩም። ወደ ሊቀመንበሩ ቢሮ ለመሄድ መንገድ መሻገር ብቻ ነበር። ከዚያ መኪናውን ወደ እኔ ስቤ በሁለት ጣት «ብራችን» ብዬ መታሁ። በሕይወቴ ስንት ሺህ ስህተት አርሜያለሁ፤ ትክክለኛ ቃል አጥፍቼ ስህተት የጻፍኩት ያን ቀን ብቻ ነው። የተጨነቅሁት ፊደሉ ከመስመር እንዳይወጣ ብቻ ነበር።

ወረቀቱ ከእንቁጣጣሽ በኋላ በመጀመሪያው የሥራ ቀን መጋላ ተበተነ። እኔ አሸዋ በሚባለው ሰፈር፣ ከሱቆቹ ፊት ለፊት ካለ ሻይ ቤት ተቀምጬ እጠብቅ ነበር። መጀመሪያ አንድ ልብስ ሰፊ ወረቀቱን ይዞ ወደ ጎረቤቱ ሮጠ። ከዚያ አንድ የቆርቆሮ በር ተዘጋ። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ፣ ወደ ታች እስከ ጎዳናው ጫፍ። በዚያን ጊዜ ቤት ይወረስ ነበር፣ ሱቅ ይታሸግ ነበር፤ ማኅተም ያለበት ወረቀት «የአዲሱ ዓመት ግብራችን፤ አንደኛ፣ ከየሱቁ አቡጀዲ» ሲል ቁጭ ብሎ የሚያስተውል ነጋዴ አይገኝም። የጨርቅ ጣቃ በጋሪ ተጭኖ ወደ ሀረር መንገድ ሲሸሽ በዓይኔ አየሁ። ሁለተኛ ሻይ አዘዝኩ፣ ሃልዋም ጨመርኩበት። ያን ቀን የበላሁትን ያህል የጣፈጠ ሃልዋ ከዚያ ወዲህ አልቀመስኩም፣ ይህንንም ስጽፍ አላፍርም።

በሦስተኛው ቀን የከተማው ሹም ሁላችንንም አዳራሽ ጠራን። የመጋላ ነጋዴዎች የዘሃራን አባት ሀጂ ዩሱፍን ይዘው መጥተዋል። ጓድ ጌታሁን ተነሥቶ ስለ ግዕዝ ማስረዳት ጀመረ፤ ማስረዳትን የሚጠላው ሰው! ግብር ማለት ምግባር ነው፣ ተግባር ነው፣ እያለ ከሥር መሠረቱ። ሹሙ ሰዓቱን ያያል። ሀጂ ዩሱፍ ሽርጣቸውን አጥብቀው ተነሡ። ድሬ ላይ አንቱታ የሚባል ነገር ብዙም አልነበረም።

«አቦ ስማ ልጄ» አሉት። «በግዕዝ ለምን ትጽፍልኛለህ? እኔ ግዕዝ አላውቅም። ግብር ግን አሳምሬ አውቃለሁ፤ ወላሂ አርባ ዓመት ከፍዬዋለሁ!»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሹሙ ሳይቀር አፉን በእጁ ሸፈነ። ጓድ ጌታሁን ወደ እኔ ዞረ። እንዲህ ከአንገቱ እስከ ጆሮው ሲቀላ አይቼው አላውቅም ነበር።

«አንተ ታውቅ ነበር!» አለኝ።

ተነሣሁ፣ ኮሌታዬን አስተካከልኩ። «ጓድ ሊቀመንበር እንዳረሙት ነው ያስባዛሁት» አልኩ። ረቂቁንም ማረሚያውንም ይዤ ነበር፤ በፋይል፣ በቅደም ተከተል።

በሳምንቱ ከሊቀመንበርነቱ ወረደ። የሚስቱ ወንድምም አብሮ ወረደ፣ ካርቶኔ ተመለሰልኝ። ከካርዶቹ አንዱ እንኳ አልተነካም፤ ሰውየው ከፍቶ አላየውም። ታሪኩ በደስታ ማለቅ የነበረበት እዚህ ጋ ነው። ነገር ግን በዚያ ዓመት ከመጋላ አንድ ክንድ ጨርቅ አልተገኘም። አሰባሳቢዎቻችን ሲታዩ በር ይዘጋል። ግንቦት ገባ። የተማሪዎቼን ፈተና አርሜ ወደ አቅመ ደካሞቹ ቤት ስሄድ አው ሙሜ እርጥብ ነጠላውን ከፊቱ ላይ ገልጦ «መምህር፣ ኮርኒሱስ?» አለኝ። ሰኔም እንደዚሁ ጠየቀኝ። የጌታሁን ጥፋት ነው ልለው አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት። ለዚያ ሽማግሌ አንድ የሙቀት ወራት ዕዳ አለብኝ፤ ይህንንም ቢሆን በጌታሁን ላይ ነው የምጽፈው።

በቀጣዩ ጳጉሜ የክፍሉን ግብ እንደገና ጻፍኩ። አንድ ብቻ ነበር፤ ኮርኒስ። ወረቀት አልበተንኩም። ዘሃራን ይዤ ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ፤ እሷ በቋንቋቸው ታስረዳለች፣ እኔ አንገቴን ደፍቼ እቆማለሁ። ሀጂ ዩሱፍ ብዙ ካሾፉብን በኋላ «ይሄኛውስ በግዕዝ ነው?» ብለው ሁለት ጣቃ አቡጀዲ አወረዱልን። ሞራሌውን ሌላው፣ ምስማሩን ሌላው ሰጠ። አቡጀዲው ተወጥሮ፣ ኖራ ተቀብቶ ሲያልቅ አው ሙሜ ፍራሹ ላይ በጀርባው ተንጋሎ ብዙ ቆየ። ደረቁን ነጠላ አጣጥፎ ትራሱ ላይ አደረገው። «አሁን የባቡሩ ሁለተኛ ማዕረግ ገባሁ» አለኝ።

ለሰጪዎቹ ሁሉ በሰባት ቀን ውስጥ የምስጋና ካርድ ጻፍኩ። አንድ ካርድ ተረፈኝ። ጓድ ጌታሁን በዚያን ጊዜ ጓድነቱም ቀርቶ ከቤት የማይወጣ ሰው ሆኗል። ለኮርኒሱ አንዲት ምስማር አልሰጠም። ባማረው ጽሕፈቴ እንዲህ ብዬ ጻፍኩለት፤ «የአቅመ ደካሞቹ ቤት ኮርኒስ ተጠናቋል። ስለ ግብርዎ ከልብ እናመሰግናለን።» ፈረምኩበት፣ ራሴ ሄጄ በበሩ ሥር አስገባሁት። ያቺን አንዲት ቃል ሲያነብ ፊቱ እንዴት እንደሚሆን እያሰብኩ ስንት ዓመት ተደሰትኩ! ከዩኒቨርሲቲ ያስመረቅኋቸው ልጆቼ እንኳ እንደዚያ ካርድ አላኮሩኝም።

ለቤዛ የነገርኳት ስለ ስቴንስሉና ስለ ኮርኒሱ ብቻ ነው። የቀረውን ለራሴ እያመነዠግሁ ሳለ ባለሳሎኗ ብሩሹን አስቀመጠች።

«የአቅመ ደካሞቹ ቤት ኮርኒስ ነው ያሉት? መምህር ታደለ ነዎት እንዴ?»

ነኝ አልኳት። ወደ ጓዳ ገብታ በፍሬም የተያዘ ነገር ይዛ ወጣች። መስታወት ውስጥ የገባ ካርድ ነው፤ ቀለሙ ደብዝዟል፣ ጽሕፈቱ የእኔ ነው።

«የጌታሁን ልጅ ነኝ፣ ትዕግሥት እባላለሁ። አባዬ ከሥልጣን ከወረደ በኋላ ደጃችንን የረገጠ ሰው አልነበረም። ከዚያ ይሄ መጣ። እስኪሞት ከራስጌው አልነቀለውም። ከዚያ ወዲያ የመጣ ሰው ሁሉ ያነብለታል፣ ግድ ነው።» ሳቀች፣ ዓይኗ ግን ረጥቧል። «'አየሽ' ይለኝ ነበር፣ 'ያ ልጅ በመጨረሻ ገባው። በዚህ ከተማ ግብርን በትክክለኛ ፍቺው የጻፈ እሱ ብቻ ነው። እኔ ነኝ ያስተማርኩት።' እውነት ነው መምህር? በግዕዙ ሥራ ማለት ነው?»

አፌን ከፈትኩ። ሙሉው ማስረጃ በቅደም ተከተል ምላሴ ላይ ነበር፤ ስብሰባው፣ ሁርሶ፣ ካርቶኑ፣ ቀዩ ጠርሙስ። ትዕግሥት ካርዱን በሁለት እጇ ይዛ ትጠብቃለች።

«ልክ ነው» አልኳት። «ሥራ ማለት ነው።»

የቤዛን ሒሳብ ልከፍል ስል እጄን ያዘችኝ። «ከእርስዎማ አልቀበልም፤ ውለታዎን የት አባቴ አድርሼው!» አለች። ባጃጅ ውስጥ ስንገባ ቤዛ ቀይ ጥፍሮቿን እንዳይነኩ ዘርግታ ፊቴን አየችው።

«ምን ሆነሃል አባባ? ተናደድክ እንዴ?»

«ምንም አልሆንኩ» አልኳት። «አንድ ሰው አረመኝ።»